መርዶ ያልደረሰው ድርጭት

ድርጭት ይባል እንጂ መጠኑ ቆቅ ያክላል። እግሩ አጭር፣ ምንቃሩ ወፍራም፣ ጀርባው የጠቆረ ቡናማ፣ ጉሮሮውና ደረቱ እንደ ገል ቀላ ያለ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ ጉም የማይለየው የተራራ ጫካ ነው አሉኝ። እዚያ የወደቀ ቅጠል እየጫረ፣ ትልና ፍሬ እየለቀመ፣ መሬት ለመሬት ሲሽሎከለክ ይኖራል። ክንፍ አለው፤ መብረርን ግን እንደ ነውር ነው የሚቆጥረው። ሰው ሲመጣ አይሸሽም፣ አይንጫጫም፤ ካለበት ዝም ብሎ ቅጠል ይሆናል። እኔ በሠራሁበት የወፍ ማርቢያ ጎብኚዎች የክፍሉ መስታወት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ሲፈልጉት ይቆዩና «ባዶ ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔንም መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። ለማይታይ ወፍ ወለል መጥረግ ማንን ደስ ይለዋል?

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ቴክሳስ፣ ግሬፕቫይን የምትባል ከተማ ውስጥ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ ወገቤ እምቢ ሲለኝ፣ ወደ ፎርት ዎርዝ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የግል የወፍ ማርቢያ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ማጽዳት፣ ማብላትና ውሃ መቀየር ነበር። አለቃዬ ረዥም፣ ቀጭን፣ ከሰው ይልቅ ከወፍ ጋር መነጋገር የሚቀላት አሜሪካዊት ናት። እኔም ወሬ ስለማልወድ ተስማማን። ድርጭቶቹ ጥንድ ነበሩ። አንድ መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ ደብቆ ሲያስገባቸው ኤርፖርት ላይ ተያዘና፣ ወፎቹን የሚወስድ ጠፍቶ እኛ ጋ መጡ። ክፍላቸው ከጣራው ላይ ውሃ እንደ ጭጋግ የሚረጭበት፣ ፀሐይ እንዳይገባ የተጋረደ፣ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቀዝ ብሎ የሚቆይ ነው። የቴክሳስ ሙቀት አናት በሚበሳበት በነሐሴ እዚያ ገብቼ ስጠርግ፣ ኑሮስ የእነሱ ነው እል ነበር።

ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ይዘፍናሉ። ዘፈን ስል ለጆሮ የሚጥም ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እንዲህ ካለ ዓይን አፋር ፍጥረት ይወጣል ተብሎ የማይታመን ጩኸት ነው። ወንዱ ይጀምራል፣ ሴቷ ከአፉ ነጥቃ ትቀጥላለች፣ እሱ ይመልሳል። ተቀባብለው ሲያፈጥኑት የአንድ ወፍ ድምፅ ነው የሚመስለው። ሙቀቱ በረድ ማለት ሲጀምር ሴቷ ታመመች። አለቃዬ በፎጣ ጠቅልላ ዳላስ ወዳለ የእንስሳት ሐኪም ወሰደቻትና ባዶ ፎጣ ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወንዱ የራሱን ድርሻ ጮኸ። የእሷ ተራ ሲደርስ ዝም አለና አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንደዚያ ሆነ። የምንሰጠውንም እህል ቀመስ እያደረገ ይተወው ጀመር።

በዚያው ሰሞን እኔ ቤቴ ውስጥ ዓይኗን ማየት የማልደፍራት እናት ነበረችኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ የበኩር ልጇ፣ ወደ ሰሜን ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። መንግሥት ተለወጠ፣ ወታደሩ ተበተነ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ወደየቤቱ ገባ፤ እሱ ግን አልመጣም። እናቴ እሱ ሳይገኝ ሥጋ አልቀምስም ብላ ተስላለች። አሜሪካ ያመጣኋትም በስንት ልመና ነው። «ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘው ምን ይላል?» እያለች ስታስቸግረኝ ቆይታ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥታ መጣች። ዘመዶች ሲደውሉ ሱዳን ታየ ይባላል፣ ኬንያ ካምፕ ውስጥ የሚመስለው አለ ይባላል ይሏታል። እሷም ሳምንቱን ሙሉ ያንን ወሬ እያላመጠች ትከርማለች።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እናቴን አውርጄ መኪናዬን ሳቆም፣ በቅርቡ በሎተሪ የመጣ አንድ ሰው ቀረበኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ከሰው ጠይቆ ኖሯል። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ በዚህ በእጄ» አለኝ። ቦታውን፣ አጠገቡ ያለውን ዛፍ፣ በምን እንደሸፈነው አንድ በአንድ ነገረኝ። የምጠራጠርበት ቀዳዳ አልተወልኝም። ሰውዬው ሲሄድ መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ገባሁና አለቀስኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምነው ዓይንሽ ቀላ?»

«ብናኝ ገብቶብኝ ነው፣ እማዬ።»

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ልጅ ለእናቷ ሻይ እየቀዳች ጣል የምታደርገው ወሬ አይደለም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤትና ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ያን ጊዜ ሐዘንተኛው የሚወድቅበት ደረት፣ የሚይዘው እጅ ያገኛል። አልቅሶ፣ ደረቱን ደቅቶ፣ እርሙን አውጥቶ ወደ ሰው ይመለሳል። እናቴ እርሟን እንድታወጣ ፈለግሁ። ከዚያ የበለጠ በዚያ ዓመት የፈለግሁት ነገር የለም። ስለዚህ ለእድራችን ሰብሳቢ ነገርኳቸው። አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ ዳላስ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ፣ ነገር ማመቻቸት የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ቱስደይ አይሆንም» አሉኝ ትንሽ አስበው። «ሴቶቹ ሁሉ ሆስፒታል ሞርኒንግ ሺፍት ናቸው። ሳተርደይ ደግሞ ዌርሃውስ ያሉት ልጆች ኦቨርታይም አላቸው።»

«እሑድስ፣ ጋሼ?»

«እሑድ ቅዳሴ አለ። ሰው ከቅዳሴ ቀርቶ መርዶ አይሄድም። ማለቴ፣ ሦስት ሰው ይዘን ገብተን እናትሽን ብናረዳቸው ግፍ ነው። ደግሞ ፕሬሸር አለባቸው። ትንሽ ታገሺ፣ ሁሉም ከሥራ ኦፍ የሚሆንበትን ቀን እኔ አመቻቻለሁ። እስከዚያ እንዳታወሪባቸው።»

ታገስኩ። የገና ጾም ገባና ከጾሙ በኋላ ይሁን ተባለ። ከጾሙ በኋላ የጥምቀት ሰሞን የአንዱ ሰርግ መጣ፤ ከሰርግ አጠገብ መርዶ አይሆንም። ከዚያ ሰብሳቢው ራሳቸው ጉንፋን ጣላቸው። እዚህ አገር ሰው ለማልቀስም ኦፍ መጠየቅ አለበት። እኔ በየማታው ከሥራ ስመለስ የፊቴን ነገር ደጅ ላይ አስተካክዬ እገባ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ሌላ ነገር ማውራት ስለፈራሁ ስለ ድርጭቱ አጫወትኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ ጩኸቱ፣ ስለ መጠበቁ፣ እህል ስለመተዉ ሁሉ ነገርኳት።

«ሬሳዋን አይቷል?» አለችኝ።

«የት ያያል? ሐኪም ቤት ነው የሞተችው።»

ሰፌዱን ጭኗ ላይ ተወችው። «ታዲያ ማን ነግሮት! አምጥተው ፊቱ ቢያጋድሟት ምን ነበረበት? አይቶ እርሙን ያወጣ ነበር፤ እህሉንም ይበላ ነበር። ግፈኞች ናችሁ። እንዲህ አድርጋችሁት ይጣራል እንጂ ሌላ ምን ያድርግ?»

ውሃ እንደጠማው ሰው ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና ቧንቧ ከፍቼ ቆምኩ። ብቻችንን ነበርን። እዚያው ብነግራትና ብትወድቅ ማን ደግፎ ያነሳታል? ውሃው ሲፈስ ቆየ፣ እሷም ምስሯን ወደ መልቀም ተመለሰች።

አለቃዬም የወፉ ነገር አስጨንቋት ኖሮ፣ ከሌላ ቦታ የሴት ድርጭት ድምፅ በካሴት አስመጣች። ሐሳቧ ደግ ነበር። ቴፑን ከቅጠሎቹ ኋላ አስቀምጣ ስትከፍተው፣ ያ ቅጠል ሆኖ የሚውል ወፍ ተወርውሮ ወጣ። መለሰላት። ሮጠ፣ ብስባሹን በተነ፣ በየጥጉ አንገቱን እያስገባ ፈለጋት። ቴፑ ሲቆም ክፍሉ መሃል ላይ ቀረ፤ ደረቱ ሲነፋና ሲሟሽሽ ከመስታወቱ ውጪ ይታይ ነበር። «አየሽ፣ ነቃ እኮ!» አለችኝ አለቃዬ። እኔ ግን የዘመዶቻችን ስልክ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሱዳን ታየ፣ ኬንያ ታየ። እንግሊዝኛዬ ይህን ሁሉ የሚያስረዳ አልነበረም። «ፕሊስ፣ አጥፊው» ብቻ አልኳት። ፊቴን አየችና አጠፋችው። ሁለተኛም አልከፈተችውም።

ጥር ሊወጣ ሲል በረዶ ወረደ። በረዶ ማለቴ ነጩ አይደለም፤ ዝናብ ሆኖ ወርዶ መሬት ሲነካ መስታወት የሚሆነው ነው። ይህ አገር ለሙቀት እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ትምህርት ቤቱ፣ ቢሮው፣ መጋዘኑ ሁሉ እንደማይከፈት ማታውኑ በቴሌቪዥን ተነገረ። ጎህ ሳይቀድ አለቃዬ ደወለች። የወፎቹ ቤት መብራት ጠፍቷል፣ ማሞቂያው ቆሟል፤ እሷ ከዳላስ ወዲያ ስለምትኖር ቶሎ መድረስ አትችልም፤ እኔ እቀርባለሁ። የተራራ ወፍ ቅዝቃዜ ይችላል፤ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ግን አይችልም። ጫማዬን ሳስር እናቴ ነቃች።

«በዚህ በረዶ የት ልትሄጂ ነው?»

«ወፎቹ ጋ ደርሼ እመጣለሁ፣ እማዬ። ማሞቂያቸው ጠፍቷል።»

«ለወፍ ብለሽ ነው ራስሽን የምትደፊው?»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። አታስቢ።»

መኪናዬ ከግቢው ስትወጣ ኋላዋ ወዲያና ወዲህ ሸርተት አለ። ቀና ስል እናቴ መስኮቱ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። መንገድ ላይ ሁለት መኪና ቦይ ውስጥ ገብቶ አየሁ፤ ሦስተኛው ደግሞ አቅጣጫውን ስቶ ወደ እኔ ዞሮ ቆሟል። የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ።

ስደርስ ድርጭቱን ጥግ ላይ ተኮራምቶ አገኘሁት። ስይዘው አልታገለኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ካርቶን ውስጥ ቅጠል ጎዝጉዤ አስገባሁትና መኪናዬ ውስጥ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ማሞቂያው ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ብርድ የማይችሉትን ሌሎቹንም እያመላለስኩ አስገባሁ። መኪናዬ የኖኅ መርከብ ሆነች። ጎህ ሲቀድ ከካርቶኑ ውስጥ ጮኸ። በተዘጋ መኪና ውስጥ ጆሮ የሚበጥስ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ያሉት ወፎች ሁሉ ተንጫጩ። እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠበቀ። ትል በጣቴ ይዤ አቀረብኩለት። ትንሽ አየኝና ወሰደው። ሌላም ጨመርኩለት፣ እሱንም ወሰደ። ከሰው እጅ ሲበላ የመጀመሪያው ነበር። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። በዚያ ክረምት ከልቤ ደስ ያለኝ ያን ጠዋት ብቻ ነው።

ያን ሰዓት የቤታችን በር ሊንኳኳ ነበር። ሰብሳቢው ማታ ዜናውን ሲያዩ ነው ነገሩ ብልጭ ያለላቸው። ሁሉም ተዘግቷል፤ ስለዚህ ሁሉም ኦፍ ነው። የእድሩ ሰው አብዛኛው የሚኖረው እኛው አፓርታማ ግቢና አጠገቡ ስለሆነ በእግሩ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በዓመትም አይገኝም። ጠዋት እኔን ለመጥራት ቢደውሉ ስልካችን አይሠራም፤ አለቃዬ ከደወለች በኋላ በረዶው መስመሩን በጥሶት ኖሯል። ተኝታ ነው አሉ። በዚያ ቀን ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አንድም የለም። ወንድሜን የቀበረው ሰውዬ ከፊት፣ ሰብሳቢው ከጎኑ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንዳይወድቁ እየተደጋገፉ በዚያ መስታወት ላይ መጡ።

የሆነውን የነገረችኝ ከላይ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን ናት። እናቴ እኔ ከወጣሁ ጀምሮ ከመስኮቱ አልተነሳችም። ከሩቅ አየቻቸው። የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ አንገቱን የደፋ ሰው፣ ጎህ ሲቀድ። በሩን ሳያንኳኩ ራሷ ከፈተችው።

«በረዶው ሴት ልጄን በላብኝ! ምነው ይዣት በቀረሁ!» ብላ ደጃፉ ላይ ወደቀች።

ሰዎቹ ግራ ገባቸው። እነሱ የመጡት ለወንዱ ነው፤ እሷ ደረቷን እየደቃች የምትጠራው እኔን ነው። በዚያ ላይ እኔ የለሁም። ሰብሳቢው በረዶው ላይ ተንበርክከው እጇን ያዟት።

«አይደለም፣ እትዬ! እሷ ምንም አልሆነችም፤ ስለሷ አይደለም የመጣነው። ወንዱ ልጅዎ ነው ያረፈው። የቆየ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ነው። ይኸው የቀበረው ሰው።»

እናቴ ቀና አለች። ሰውዬውን አየችው። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ተመስገን!» አለች። «ተመስገን አምላኬ! ልጄን ተውክልኝ!»

ሊያለቅሱ አፋቸውን የከፈቱት ዘጉት አለችኝ ጎረቤታችን። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚባል ማን ያውቃል? አንዷ ነጠላዋን አስተካክላ ውሃ ልታመጣ ገባች። ሌሎቹ እናቴን ደግፈው አስገቡና ዙሪያዋን ተቀመጡ።

እኔ የተመለስኩት ረፋዱ ላይ፣ አለቃዬ ጄኔሬተር አስጭና ስትደርስ ነው። ገና ደጁ ላይ ሰው ቆሞ ሳይ ገባኝ። ስገባ እናቴ ከመሃላቸው ብድግ ብላ መጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ እያገላበጠች ሳመችኝ፤ ትስቅ ነበር፣ በዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ መሃል። ከዚያ ሳቋ ቆመ። እጇ ጉንጬ ላይ እንዳለ ዓይኗ ሲለወጥ አየሁ። ጠዋት የተናገረችውን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። እጇን ከፊቴ ላይ አነሳችና ሄዳ ተቀመጠች።

አላለቀሰችም። ያ ሰውዬ ስለ ምሽጉና ስለ ዛፉ ሲነግራት ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ፣ እኔም አነባሁ፤ እሷ የሌላ ሰው ልጅ የሞተ ይመስል አንገቷን እየነቀነቀች አዳመጠችው። በረዶው እስኪቀልጥ ሰው አልተለየንም። በረዶው ሲቀልጥ ሁሉም ወደ ሺፍቱ ተመለሰ። ጥቁር ልብስ ገዝቼ ባመጣላት አልለብስም አለች። «ተመስገን ካልኩ በኋላ ለእሱ ጥቁር የምለብስበት ምን ፊት አለኝ?» ቄሱ መጥተው፣ ደንግጠው ነው እንጂ እግዚአብሔር የእናትን ልብ ያውቃል አሏት። እጃቸውን ሳመች፣ አመሰገነቻቸው፣ አላመነቻቸውም። ሥጋም እንደተወች ቀረች። ለተዝካሩ የተሠራውን ወጥ ሰው ሲበላ እሷ ደረቅ እንጀራ ይዛ ጥግ ተቀመጠች። እርሟን እንድታወጣ ብለን ተጨንቀን ተጠበን፣ የምታለቅስበትን አፍ ቀማናት።

ድርጭቱ ከዚያ ብርድ ተርፎ እስከ በጋው ሙቀት ቆየ። ከእጄ መብላቱንም በዚያው ጠዋት ተወው። ጩኸቱ እየሳሳ ሄዶ፣ በመጨረሻ አንዳንድ ቀን ብቻ ይሰማ ነበር። አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ቅጠል የሆነ መስሎኝ ዙሪያውን ጠርጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው መሞቱን ያወቅሁት። አለቃዬ ስታለቅስ ትከሻዋን ያዝኩላት። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ እሷም ስለ ወፎቹ መጠየቅ ትታ ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን ከወንድሜ ቀጥዬ ነበር የምቆጥረው። የመጀመሪያው ጉርሻ የእሱ ነው፣ ምርቃቱ የእሱ ነው፣ ከጠፋም በኋላ ስለቱ የእሱ ነው። ምነው አንድ ቀን እንኳ እኔን ብታስቀድመኝ እያልኩ ነው ያደግሁት። አስቀደመችኝ፤ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ግን እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ሻይ ሳቀብላት ብርጭቆውን ታያለች፣ ሳናግራት እጇን ታያለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ «በሰላም ግቢ» የምትለኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።